ቤካም ተገዛ፣ ማኬሌሌ ተሸጠ… መኪናዋም ዝቅ አለች!

ሪያል ማድሪድ በ2003 (እ.ኤ.አ) የዝውውር ወቅት የሠራውን ሥራ የማያስታውስ የኳስ አፍቃሪ ካለ እጁን ያውጣ። ዴቪድ ቤካምን ከማንቸስተር ዩናይትድ አስመጣ፤ ዓለም ጉድ አለ፣ ማሊያው እንደ ትኩስ ዳቦ ተቸበቸበ። በዚያው ሰሞን ግን ማንም ፎቶውን የማይለጥፍለትን፣ ማንም በስሙ የማይዘምርለትን ክሎድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ዚነዲን ዚዳን ያኔ ተናገረው ተብሎ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነገር አለ፤ ሞተሯን አውጥታችሁ ከሸጣችሁ በኋላ ቤንትሌዋን ሌላ ዙር ወርቅ መቀባት ምን ይረባል የሚል ይዘት ያለው። የሆነውም እሱ ነው። ማድሪድ በ2003/04 የመጨረሻዎቹን አምስት የላሊጋ ጨዋታዎች ተሸንፎ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። ሊጉን እንደገና ያነሣው በ2006/07 ነው። ማኬሌሌ ደግሞ በለንደን ሁለት ተከታታይ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሣ።

እንግዲህ ዚዳን ነገሩን በመኪና ከመሰለው፣ እኛ ደግሞ መኪናውን በኳስ ብንመስለው ማን ይከለክለናል? ዛሬ የምናወራው ስለ “ዝቅ ያለች መኪና” ነው። የከተማችን ወጣት መኪና ገዝቶ ገና ቦሎው ሳይለጠፍ የሚያስበው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ስለ ቸርኬና ስለ ሞላ። ቸርኬው ትልቅ ይሁን፣ ሞላው ይጠር፣ ጎማው ከመከለያው ሥር ይግባ፣ መኪናዋ መሬት ትላስ! ቆንጆ ነው፣ አይካድም። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ ቤካምን ስትገዙ ማኬሌሌን የት አደረጋችሁት?

መልሱ ቦሌ ላይ አይገኝም። ቦሌ ላይ ሁሉም መኪና ጎበዝ ነው። መልሱ የሚገኘው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጣርማ በር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው ቁልቁለት ነው።

ሞላው ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ ነገሩን እናጥራው። ሞላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል። ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ወይ ጉብታ ላይ ሲወጣ ሞላው ይጨመቃል፣ ከዚያም ይመለሳል። መኪናን ዝቅ ማድረግ ማለት በፋብሪካው ሞላ ምትክ አጠር ያለና ጠንከር ያለ ሞላ መግጠም ነው። በሙያው ስማቸው የታወቀ አምራቾች አሉ፤ ለምሳሌ የጀርመኑ አይባክ ከ1951 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ሞላ ሲሠራ የኖረ ድርጅት ነው። እንዲህ ያሉት ድርጅቶች ከፋብሪካው ሾክ አብዞርበር ጋር እንዲገጠም ብለው የሚሸጡት ሞላ መኪናዋን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ያወርዳታል። አጠር ያለው ሞላ ጠንከር የሚለው ለጌጥ አይደለም። መንገዱ ሲያጥር በዚያች በቀረችው አጭር መንገድ ውስጥ ያንኑ ክብደት ማስቆም ስላለበት ነው።

ጥቅም የለውም እንዴ? አለው እንጂ! መኪና ኩርባ ስትገባ ክብደቷ ከውስጥ ጎማ ወደ ውጭ ጎማ ይሸሻል። ምን ያህል እንደሚሸሽ የሚወስነው የክብደቷ ማዕከል ከመሬት ያለው ከፍታና የግራና የቀኝ ጎማዎች ርቀት ነው። በቁጥር እንየው። 1,250 ኪሎ የምትመዝን ስፖርት መኪና እንውሰድ፤ የክብደቷ ማዕከል ከመሬት 46 ሳንቲ ሜትር፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት 153 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ኩርባውን ጠበቅ አድርጋ ብትይዝ፣ ማለትም ወደ ጎን የሚገፋት ኃይል የክብደቷን 80 በመቶ ቢሆን፣ ወደ 300 ኪሎ ገደማ ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች ይሄዳል። ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ስናደርጋትስ? 281 ኪሎ ይሆናል። ትርፉ 19 ኪሎ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ኪሎ! ለእሽቅድምድም ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። መሪዋ ቶሎ ይታዘዛል፣ ኩርባ ላይ ማጋደሏ ይቀንሳል። ለተራው አሽከርካሪ ግን አንድ ጆንያ ሽንኩርት እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ዝቅ የማድረጉ ትርፍ እውነት ነው፤ ግን ትንሽ ነው። ይህችን ትንሽ ትርፍ ስንፈልግ የምንከፍለውን ዋጋ ማወቅ አለብን።

ማኬሌሌው ማነው?

ሾክ አብዞርበሩ ነው። ብዙ ሰው መኪናን የሚሸከመው ሾክ አብዞርበር ይመስለዋል። አይደለም። የሚሸከመው ሞላው ነው። የሾክ አብዞርበር ሥራ ሞላው ከተጨመቀ በኋላ እንደ ኳስ እየነጠረ እንዳይቀጥል ማስቆም ነው። ውስጡ ዘይት አለ፤ ፒስተኑ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የሞላውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ግብ አያገባም፣ ፎቶ አይነሣም። እሱ ሲደክም ግን አሥራ አንዱም ይፈርሳል።

አሁን ጠንካራ ሞላ ገጠማችሁ እንበል። ጥንካሬው በ25 በመቶ ጨመረ። ሞላው ሲመለስ የሚወረውረው ጉልበት ስለጨመረ፣ እንደ ድሮው ለመቆጣጠር ሾክ አብዞርበሩ በ12 በመቶ ገደማ መጠንከር ነበረበት። ያው የፋብሪካው ከሆነ ግን የነበረው አቅም እንዳለ ነው፤ ስለዚህ ከበፊቱ ያነሰ ይቆጣጠራል። አዲስና ጤነኛ ከሆነ ይህችን ልዩነት ይችላታል። የታወቁት አምራቾችም ሞላቸውን የሚሠሩት ይህን አስልተው ነው። ችግሩ የእኛ አገር መኪና ነው። አብዛኛው መኪና አገር ቤት የገባው ሌላ አገር ዓመታት ከተነዳ በኋላ ነው፤ ሾክ አብዞርበሩ ምን ያህል ጉብታ እንደቆጠረ ፈጣሪ ይወቀው። በጡረታ ዋዜማ ላለ አማካይ ተጨማሪ ሥራ ሰጥታችሁት “ለምን አልሮጥክም?” ብትሉት ፍርዱ ትክክል አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር የባሰ ነው። ሾክ አብዞርበሩ ላይ፣ ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የተቀመጠ የጎማ ትራስ አለ። ይህ ትራስ የመጨረሻው ተከላካይ ነው፤ ከኋላው በረኛው ብቻ ነው ያለው። እንደ ምሳሌ እንያዘው፦ በፋብሪካው አቋም መኪናዋ ባዶዋን ስትቆም እስከ ትራሱ 7 ሳንቲ ሜትር ቀርቷታል። አራት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረጋችኋት፤ 3 ቀረ። አራት ሰው ከነሻንጣው ገባ፤ ሌላ 3 ሳንቲ ሜትር ወረደች። ስንት ቀረ? ዜሮ! ገና ከቤት ሳትወጡ መኪናዋ በሞላ ሳይሆን በጎማ ትራስ ቆማለች ማለት ነው።

በቀጥታ መንገድ ላይ ይህ የሚያሳምመው ወገብ ነው። ኩርባ ላይ ግን ሌላ ነው። መኪናዋ ስታጋድል የውጭው ሞላ መጨመቅ ሲገባው ትራሱን ይመታል፣ በዚያ ጎማ ላይ ያለው ጫና በድንገት ይዘልላል፣ ጎማው መሬቱን ይለቃል። የፊቱ ከሆነ መሪ አዙራችሁ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የኋላው ከሆነ ጭራዋ ይዞራል። ያ ነጣ ያለ ቀለም፣ ያ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ በዚያች ሰከንድ ምንም አይፈይድም።

አንድ ሚሊ ሜትርም ዋጋ አላት

“ፎርሙላ ዋን መሬት ይነካል አይደል?” የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ይነካል። ግን እዚያ የሚቀጡበትም ነገር ነው። አይርተን ሴና በ1994 (እ.ኤ.አ) ኢሞላ ላይ ካረፈ በኋላ መኪኖቹ ከልክ በላይ ወደ መሬት እንዳይጠጉ በዚያው ዓመት አጋማሽ ከሆዳቸው ሥር 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ እንዲደረግ ተወሰነ። ከውድድር በኋላ ጣውላው ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ተፍቆ ከተገኘ ውጤት ይሰረዛል። በዚያው ዓመት ሚካኤል ሹማከር ቤልጅየም ላይ አንደኛ ወጥቶ በዚሁ ምክንያት ድሉን ተነጥቋል። በ2023 (እ.ኤ.አ) ደግሞ በኦስቲን፣ ቴክሳስ ሁለተኛ የወጣው ሉዊስ ሃሚልተንና ስድስተኛ የወጣው ሻርል ሌክለር በዚሁ ሕግ ተሰርዘዋል። መቶ መሐንዲስ ይዞ፣ ኮምፒውተር ደርድሮ፣ እንደ ጠረጴዛ በተስተካከለ አስፋልት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የሚያሳስት ነገር፣ በአንድ ግራይንደር በሚሠራ ጋራዥ አራት ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ምን እንደሚሆን ገምቱት።

ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ስንሻገር ደግሞ ታሪኩ ይገለበጣል። በ1953 (እ.ኤ.አ) የተጀመረውና በ2021 ወደ ዓለም ራሊ ሻምፒዮና የተመለሰው የሳፋሪ ራሊ ተወዳዳሪዎች መኪናቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚሄዱት። ጆጊንደር ሲንግ ሦስት ጊዜ፣ ሼካር መህታ አምስት ጊዜ ያሸነፉት በድንጋይ፣ በአቧራና በጭቃ ውስጥ ነው። የስፖርት መኪና ማለት ዝቅ ያለ መኪና ማለት አይደለም። የስፖርት መኪና ማለት ለሚሮጥበት ሜዳ የተዘጋጀ መኪና ማለት ነው። በጭቃ ሜዳ ላይ የቲኪ ታካ ጫማ አድርጎ የሚገባ ቡድን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

እንግዲህ የእኛን ሜዳ እንየው።

ከጉም ወደ ሙቀት

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ደብረ ብርሃን ትደርሳላችሁ። እስከዚያ መኪናዋ ደስ ትላለች፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ከዚያ ብርዱ ይበረታል፣ ጉሙ ይመጣል፣ ጣርማ በር ትደርሳላችሁ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነው ያላችሁት። ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈውን ዋሻ የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ በወረራው ዘመን። የሚገርመው እነሱው የመኪናውን ቋንቋም ትተውልን ሄደዋል፤ “ሞላ”ም፣ “ባሌስትራ”ም፣ “ቸርኬ”ም፣ “ፍሪሲዮን”ም የጣሊያን ቃላት ናቸው።

ዋሻ ካነሣን፣ የክርስቲያኖ ሮናልዶን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ጥር 2009 (እ.ኤ.አ) ማንቸስተር አየር ማረፊያ አጠገብ ባለው የመኪና ዋሻ ውስጥ ፌራሪ 599ኙን ከግድግዳ አጋጭቶ እንዳልነበረች አደረጋት። እሱ ምንም ሳይሆን ወጣ፤ ከአራት ቀን በኋላም ዙሪክ ላይ የፊፋ የዓለም ኮከብነትን ሽልማት ተቀበለ። ከፋብሪካ እንደወጣች የነበረች ፌራሪ በሜዳ መንገድ ላይ ከእጅ የምታመልጥ ከሆነ፣ በጣርማ በር ጉም ውስጥ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ መናገር አያሻም።

ዋሻውን እንዳለፋችሁ መንገዱ ይወርዳል፣ ይጠማዘዛል፣ ይወርዳል። ቆሎዋ የሚታወቀው ደብረ ሲና ትመጣለች፤ ከዚያ አርማንያ፣ ከዚያ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ይገርፋችኋል፣ ሸዋ ሮቢት ናችሁ። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። በሌላ አነጋገር ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም ባልራቀ መንገድ ወደ 1,800 ሜትር ያህል ወረዳችሁ። ወደ ፊት ስትቀጥሉ የይፋት ቆላ ነው፤ ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ እያለ ወደ ከሚሴና ኮምቦልቻ ይዘልቃል። ወልዲያ ከተማ በፕሪሚየር ሊጉ በነበረበት በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ወልዲያ ስታዲየም በመኪና የሚሄድ ደጋፊ የሚያልፈው በዚሁ ነው። ማሊያ ለብሶ፣ በመስኮት ባንዲራ አውጥቶ፣ አምስት ሆኖ ተጠቅጥቆ!

አሁን ይህን ከላይ ካወራነው ሂሳብ ጋር አገናኙት። ቁልቁለት ላይ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል። ፍሬን ስትይዙ የበለጠ ወደ ፊት ይሄዳል። በዚያ ላይ ኩርባ ስትገቡ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሦስቱም ጫናዎች አንድ ጎማ ላይ ይገናኛሉ፤ የፊት የውጭው ጎማ። ያ ጎማ የሚፈልገው ሞላው ገና የሚጨመቅበት ቦታ ነው። እናንተ ያንን ቦታ ለውበት ሸጣችሁታል። ሾክ አብዞርበሩም በየኩርባው ሲሠራ ይሞቃል፤ ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ያረጀ ከሆነ ከደብረ ብርሃን ሲነሣ የነበረው አቅም ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የለውም። ፍሬኑም እንዲሁ። ይህ መንገድ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ፈታኝ ነው፤ እንደ ደርቢ ጨዋታ።

የመሬቱም ክፍተት አለ። ብዙዎቹ ትንንሽ የጃፓን የቤት መኪኖች ከመሬት ያላቸው ክፍተት 15 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እንደ ቶዮታ 86 ያለችው ስፖርት መኪና ደግሞ ከፋብሪካ ስትወጣ ራሱ 13 ገደማ ናት። ከ15ቱ ላይ 4 ለሞላው፣ 3 ለሰውና ለሻንጣ ቀንሱ፤ 8 ቀረ። በየከተማው መግቢያ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ መንገድ ላይ የወደቀ ድንጋይ፣ ክረምት የቦረቦረው የአስፋልት ጫፍ ሁሉም 8 ሳንቲ ሜትርን አያከብሩም። የሞተሩ ዘይት መያዣ ከተሰነጠቀ ዘይቱ ይፈሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ከሞላው ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አንዱ ያስጨምራል፣ ሌላው ያስቆርጣል

የሚያስቀው ነገር ደግሞ ይኸው ነው። የይፋት ቆላ የሽንኩርት፣ የማሾ፣ የማሽላና የፍራፍሬ አገር ነው። ይህን ሁሉ ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣው አይሱዙ ነው። የአይሱዙ ባለቤት ጋራዥ ሄዶ የሚጠይቀው ምንድን ነው? “ባሌስትራ ጨምርልኝ!” ነው። አንድ ቅጠል ይጨመርለታል፣ መኪናው ከፍ ይላል፣ ብዙ ይጭናል። የአዲስ አበባው ወጣት ደግሞ እዚያው ጋራዥ በር ላይ ቆሞ “ሞላውን ቁረጥልኝ!” ይላል።

ሁለቱም የሚሠሩት ስህተት ግን አንድ ነው። መሐንዲሱ ሞላን፣ ሾክ አብዞርበርን፣ ፍሬንንና ጎማን አንድ ላይ አስልቶ ነው ያወጣቸው። አንዱን ብቻ ስትነኩ አሰላለፉ ይበላሻል። ባሌስትራ ያስጨመረው ሰውዬ ሻንሲው፣ ፍሬኑና ጎማው ሳይጨምሩ ጭነቱን ጨመረ፤ ባዶውን ሲመለስ ደግሞ ከመጠን በላይ የጠነከረው የኋላ እግር ጉብታ ላይ ይዘላል። ሞላ ያስቆረጠው ደግሞ መቆሚያውን አጠረ።

ስለ መቁረጥ ለብቻው አንድ ነገር እንበል፤ ምክንያቱም በአገራችን “ዝቅ ማድረግ” ሲባል ብዙ ጊዜ አዲስ ሞላ መግዛት ማለት አይደለም፤ ያለውን መቁረጥ ማለት ነው። ስድስት የሚሠሩ ዙሮች ካሉት ሞላ ላይ አንዱን ብትቆርጡ የቀረው በ20 በመቶ ይጠነክራል። “ታዲያ ጥሩ አይደል?” ትሉ ይሆናል። ችግሩ ርዝመቱ ነው። መኪናዋ በክሪክ ስትነሣ ወይም ጎማ በአየር ላይ ሲንጠለጠል ሾክ አብዞርበሩ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፤ የተቆረጠው ሞላ ግን እስከዚያ አይደርስም። ከመቀመጫው ይወጣል። ሲመለስ በቦታው ካልገባስ? ደግሞም የሞላው ጫፍ በፋብሪካ የሚስተካከለው መቀመጫው ላይ እንዲያርፍ ነው፤ የተቆረጠ ጫፍ እንደ ጩቤ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

ከመቁረጥ የባሰም አለ። በብየዳ እሳት አሙቆ ሞላው በራሱ ክብደት ቁጭ እንዲል ማድረግ። ሞላ ሞላ የሆነው ብረቱ በሙቀት ታክሞ ስለተሠራ ነው። በእሳት ስታለሰልሱት ያ ሕክምና ይጠፋል። አንድ ቀን በሜዳ ሳይሆን በኩርባ ላይ ይሰበራል። ይህን የሚሠራ ጋራዥ ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

እሺ፣ እንዴት ይገጠም?

ዝቅ አታድርጉ አላልንም። ያማረ ነገር የሚወድ ሰው ይወቀሳል እንዴ? የምንለው እንደ ጥሩ አሠልጣኝ ሥሩት ነው።

አንደኛ፣ ለመኪናችሁ ሞዴል የተሠራ ሞላ ግዙ። አራቱም ይቀየሩ፤ ፊትና ኋላ ይለያያሉ። ከ3 ሳንቲ ሜትር አትለፉ። ከተማ ውስጥ ብቻ ለምትውል መኪና እንኳ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ሾክ አብዞርበሩን አስመርምሩ። ዘይት ካላበው፣ መኪናዋን ጥግ ላይ ተጭናችሁ ስትለቁ ከአንድ ጊዜ በላይ ከነጠረች፣ አዲስ ሳትገዙ ሞላ አትቀይሩ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ለሾክ አብዞርበሩ አውጡት። ማኬሌሌን መጀመሪያ፣ ቤካምን ቀጥሎ!

ሦስተኛ፣ ገጣሚው የሞላ መጨመቂያ ይኑረው። በብዙ መኪኖች የፊቱ ሞላ በሾክ አብዞርበሩ ዙሪያ ተጨምቆ ነው የሚቀመጥ። መሐል ያለውን ብሎን ሞላው ሳይጨመቅ የሚፈታ ሰው ፊቱ ላይ ቦምብ እንደሚፈታ ይወቅ። ይህ ሰው የገደለ ስህተት ነው። መኪናዋም በክሪክ ብቻ አትቁም፤ መደገፊያ ይደረግላት። የፍሬን ቱቦውና ገመዶቹ ከሾክ አብዞርበሩ ላይ ቀድመው ይፈቱ፤ አለዚያ ይወጠራሉ።

አራተኛ፣ የሞላው ጫፍ በመቀመጫው ጎድጎዳ ውስጥ መግባቱ በዓይን ይታይ። የጎማ ትራሱ ይለወጥ ወይም ይጠር የሚል መመሪያ ከሞላው ጋር መጥቶ ከሆነ ይከበር። ጎሚኒ የሚያልፍባቸው ብሎኖች የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት መኪናዋ መሬት ከወረደች በኋላ ነው። በአየር ላይ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና በወራት ውስጥ ይቀደዳል።

አምስተኛ፣ አላይመንት! መኪና ዝቅ ስትል ጎማዎቿ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ የፊታቸው አቅጣጫም ይዛነፋል። ካላስተካከላችሁት ጎማው ከውስጥ በኩል ተበልቶ ሽቦው ይወጣል፤ ከውጭ ስታዩት ግን አዲስ ይመስላል። መብራቱም ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ስለሚዞር አብሮ ይስተካከል። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ መብራታችሁ የሚያበራው መንገዱን እንጂ ሰማዩን መሆን የለበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለአዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ የተነጠፈው ከወለሉ ሥር ነው። የክብደታቸው ማዕከል ከመጀመሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ተጨማሪ ዝቅ ማድረጉ የሚያስገኘው ነገር ትንሽ ነው፤ ድንጋይ ቢመታቸው ግን የሚመታው በመኪናዋ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ውዱን ነው። እነሱን ተዉአቸው።

መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ወደዚያ የምትወርዱ ከሆነ፣ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ሥራውን ሁሉ ለፍሬን አትተዉለት። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ጥላ ፈልጋችሁ አቁሙ። ቀዝቃዛ ነገር ከመጠጣታችሁ በፊት ጎንበስ በሉና ሦስት ነገር እዩ። በሾክ አብዞርበሩ ላይ እርጥበት አለ? የፊት ጎማው የውስጥ ጠርዝ ከውጩ ይልቅ ተበልቷል? ከጎማ መከለያው ሥር ጎማ የፈገፈገው ምልክት አለ? ለሦስቱም መልሱ “የለም” ከሆነ፣ መኪናችሁም እናንተም ሠርታችኋል። አንዱ እንኳ “አለ” ከሆነ ግን የመልሱን ዳገት ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ጋራዥ ጎራ በሉ። ባሌስትራ ሲጨምሩ የዋሉት የቆላው መካኒኮች የደከመ እግርን በማወቅ የሚያህላቸው የለም።